ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ዝጋው። ወይም ግድ የለም ተወው፣ የሚገባ ካለ ይግባ።

ወሩ ሐምሌ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት። ጨረቃ የለም። አንድ ሰው በቀጭን መንገድ ብቻውን ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳል። ምን ተሸክሟል? ታንኳ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ።

ሳቁ፣ የመንደሩም ሰው ይስቅበት ነበር። ሰውዬው ከሐይቅ ዳር መጥቶ ደጋ ላይ ጎጆ የወጣ ነው። ወንዟ ደግሞ ትንሽ ናት፤ በበጋ ፍየል ትዘላታለች። "ታንኳህን ምን ልታደርግበት ነው፣ ልትተኛበት?" ይሉታል። እሱ ግን ጉራው አያልቅም። "እኔ የማልቀዝፈው ውሃ አልተፈጠረም" ይላል።

በሐምሌ ግን ያቺ ወንዝ ሌላ ናት። ከደጋው ወደ ቆላው እየዘለለች ነው የምትወርደው። ድንጋይ፣ አረፋ፣ ደግሞ ድንጋይ። ማን ይደፍራታል? ማንም።

ታዲያ እሱን ምን አስደፈረው? ሚስቱ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ወርዳለች፣ ቆላ። ያን ቀን ሲመሽ ከማዶ ተጣሩ፤ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል፣ ቶሎ ድረስ አሉት። በእግር ዞሮ ለመሄድ እስከ ነገ ቀትር ነው። በወንዙ አንድ ሰዓት። ሲፈራ ሲቸር አምስት ሰዓት ሆነ። ጉረኛ ነው ብያችኋለሁ፣ ሚስቱን ግን ይወዳታል።

ታንኳውን ውሃው ላይ አሳርፎ ከኋላ ተቀመጠ። መቅዘፊያውን ሲያነሳ የታንኳው ፊት ዝቅ አለ። ሰው ሲሳፈር ዝቅ እንደሚለው ማለት ነው። ማን ተሳፈረ? የሚታይ የለም። "ጭቃ ይዞት ይሆናል" አለ ሰውዬው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ከፊት ድምፅ ሰማ።

"ወደ ግራ።"

ወደ ግራ ቀዘፈ። ድንጋዩን በስንዝር አለፈው።

"አሁን ወደ ቀኝ።"

ወደ ቀኝ ቀዘፈ። መብረቅ ብልጭ ሲል ከፊቱ ጋቢ አየ። ደግሞ ብልጭ ሲል ጋቢው ውስጥ ጎበጥ ያለ የሽማግሌ ጀርባ አየ። ከጋቢው ውሃ ይወርዳል፣ አያቋርጥም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትዘላላችሁ? ወዴት?

ሰውዬው መቼም ጨዋ ነው፣ እሱን አልክድም። "እንደምን አመሹ፣ አባቴ?" አለ።

"ቅዘፍ" አሉ ሽማግሌው።

እንዲህ ግራና ቀኝ እየተባለ ወርዶ ወርዶ ከመጨረሻው ፏፏቴ አፋፍ ደረሰ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

"እኔ ከዚህ በታች አላለፍኩም" አሉ። "ታንኳዬም እኔም እዚህ ቀረን። ሬሳዬ አልተገኘ፣ አልተለቀሰልኝ። ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። የሚወለድልህ ወንድ ነው። ስሜን ታወጣለታለህ?"

"አወጣለታለሁ፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ግራም ቀኝም አትበል። ቀጥ ብለህ ውረድ።"

ወረደ። እንዴት እንደወረደ ግን አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

አማቶቹ ቤት ሲደርስ ልጁ ገና መወለዱ ነው። ሚስቱ ደክማለች እንጂ ደህና ናት። ልጁ ግን አያለቅስም። አዋላጇ እትዬ ጥሩሰው ዘቅዝቃ ጀርባውን መታ መታ ብታደርገው ምንም የለም።

"በስሙ ጥራው እንጂ፣ አባቱ አይደለህ?" አለችው።

ሰውዬው አፉን ከፈተ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ለካ ስማቸውን አልጠየቀም። መንገዱን ሙሉ "አባቴ፣ አባቴ" ሲል ነው የመጣው። ትልቅ ሰው ስምዎ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል? ነውር ነዋ። በአያቱ ስም ጠራው፤ ዝም። በአጎቱ ስም ጠራው፤ ዝም። የሕፃኑ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ።

ወንዙ ከቤቱ ሥር ነው። ሮጦ ወረደና እዚያ ጨለማ ውስጥ እያለቀሰ ተጣራ። "አባቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?"

ውሃው ብቻ ይጮኻል። ቆይቶ፣ ከወንዙ ሳይሆን ከጀርባው፣ ጆሮው ሥር፣ ቀዝቃዛ ትንፋሽ መጣ።

"ምነው እስካሁን ሳትጠይቀኝ? ቢምረው።"

እሱም ወደ ቤቱ ዞሮ በዚያው ስም ተጣራ። ሕፃኑ አለቀሰ።

ምን ታፈጡብኛላችሁ? አዎ፣ እኔው ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ የገዛ ልጁን አንቱ ይለኝ ነበር። ሲቆጣኝ እንኳ "ምነው ቢምረው፣ ማሩን ጨረሱት?" ነበር የሚለኝ። እኔም እስቅበት ነበር።

አሁን አልስቅም። ሰው ሲጠራኝ፣ ገና እኔ ሳልመልስ፣ ከፊቴ "አቤት" የሚል አለ። አላመናችሁም? እስቲ አንዳችሁ ቀስ ብላችሁ ስሜን ጥሩ። እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ።