ሰሊጥ ዘይት የነካው እግር

«ሀጀራ እግሯን ስታሽ ክፉውን ደም ወደ ልቧ ሰደደችባት።»

ወሬውን ያወጣችው የሟቿ የዘኪያ አማት ሙሚና ናት። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ትደግመዋለች፤ እንባዋ ሲያልቅ ወሬው አላለቀባትም። ረፋድ ላይ ቆቦ ሙሉ ሰማው። አዋላጇ ሀጀራ ታሰረች፤ ሕዝቡ ሊወግራት ጣቢያው በር ላይ ይጠብቃል።

ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ የሙሚና ባል የእህል ነጋዴው የእንድሪስ ደጃፍ ላይ የወደቁትን ረሃብተኞች ተሻግሮ ገባ። ዘኪያ አልጋ ላይ ተዘርግታለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገና አልገፋም። ክንዷ ጭራሮ፣ እግሯ ግን ያበጠ።

«ትናንት ከታሸች በኋላ ተነሥታ ነበር?»

«ወላሂ ከአልጋዋ አልወረደችም» አለች ሙሚና። «እንደተኛች ቀረች።»

«ምን ትበላ ነበር?»

«ምን ይበላል?» አለ እንድሪስ። «እህል ካለቀ ቆየ። እኛም እንደ ሰዉ ነን።»

ይህን ሲል ቦርጩ መታጠቂያውን አልፎ ወርዶ ነበር። የዘኪያ ባል ከማሉዲን እጆቹን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ጥግ ተቀምጧል።

ሙሉጌታ ተንበርክኮ የሟቿን ውስጥ እግር አየ። ዘይቱ አሁንም ያብለጨልጫል። በዘይቱ ላይ ገለባና የጠቆረ የማሽላ ፍሬ ተለጥፏል። አሸተተው፤ ሻጋታ ነው።

ጣቢያ ተመልሶ ሀጀራን ጠየቃት።

«ገደለቻት ይላሉ።»

«ይበሉ። ምላስ ግብር አይከፍልም። እግሯን አጠብኩ፤ ከጣቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ በሰሊጥ ዘይት ቀስ አድርጌ አሸሁ፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አሳርፌ ወጣሁ። ያ እብጠት የእርግዝና አይደለም፣ ሃምሳ አለቃ፤ የረሃብ ነው። ‹አብሏት› ብላት ሙሚና ‹የተጠራሽው ለማሸት ነው› አለችኝ።»

ሙሉጌታ ሀጀራን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤቱም ተከትሎ ግቢውን ሞላው።

«መጀመሪያ ዱዓ አድርጉላት» አለ።

ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ከማሉዲን ዘገየ፤ ሰው ሁሉ ሲያየው አወጣው። መዳፉ ተልጧል።

«ይህ የገመድ ሥራ ነው» አለ ሙሉጌታ። «ታጥቦ የታሸ እግር አልጋ ላይ ሆኖ ማሽላ አይረግጥም። ማሽላ ደግሞ እንዲህ ጠቁሮ የሚሻግተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እህል የለንም ያላችሁት ጉድጓድ አላችሁ። የተከፈተ ጉድጓድ እፍታው፣ ያ ገዳይ የታፈነ አየር፣ እስኪወጣ ውሎ ያድራል፤ ይህን የማያውቅ የራያ ሰው የለም። እናንተ ግን ሽታው ደጃፋችሁ ላይ ያለውን ረሃብተኛ እንዳይጠራባችሁ ፈራችሁ። ሠራተኛ ብታወርዱ ምስጢሩ ይወጣል፤ አንተ እንድሪስ በጉድጓዱ ጠባብ አፍ አታልፍም። ያስራባችኋት ምራታችሁ ግን ታልፋለች፤ እፍታው ሳይወጣ በገመድ አወረዳችኋት። ስትሞት ጎትታችሁ አስተኛችኋት፤ ደሟን ለሀጀራ አሸከማችሁ። እግሯን ማጠብ ብቻ ረሳችሁ።»

«ውሸት ነው» አለ እንድሪስ።

«ገመዱ ሲላላብኝ ስሟን ጠራሁ» አለ ከማሉዲን፣ አባቱን ሳያይ። «‹ዝም በል፣ ሰው ይሰማል› አልከኝ።»

ሀጀራ ተፈታች፤ ይቅርታ ያላት ሰው ግን የለም። አባትና ልጅ ታስረው ሄዱ፤ ሙሚናም ተከተለች። ጉድጓዱ ከገለባ ክምር ሥር ተገኝቶ ተከፈተ፤ እንደ ወጉም ውሎ አደረ። ረሃብተኞቹ ዙሪያውን ከበው አደሩ።

ጠዋት የመጀመሪያው ቁና ወጣ። ማሽላው ጠቁሮ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ባለፈው ክረምት ድንገት የወረደ ጎርፍ ከላይ ሰርጎበት፣ ዘኪያ ከመውረዷ ከወራት በፊት እስከ ታች በስብሶ ነበር።