የወለላ ስምንተኛ ጉዞ

ደራሲው ወልደኢየሱስ ከጽሕፈት ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ዓይኑ አልተከደነም። ከጀርባው ባለው የብረት ሳንዱቅ ማዕዘን ላይ ደም ረግቷል።

መቶ አለቃ ክንዱ ከደጃፉ ቆሞ ለመግባት አልቸኮለም። በጥርጣሬ የሚኖር ሰው ነው። አማቱ «ክንዱ ጥላውን እንኳ ከየት መጣህ ሳይል አያሳልፍም» ይሉታል።

ሬዲዮው ከቦታው አለ። የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ አልወጣም። የተሰበረ በር የለም፤ የተሰበረ መስኮት የለም።

«ሌባ አይደለም» አለ ክንዱ ለራሱ።

የሟቹ ሚስት አመተ ሥላሴ ከበረንዳው ተቀምጣለች። ጎረቤቶች ደግፈዋት ነበር። ከሚካኤል ማኅበር ስትመለስ ነው ያገኘችው። ነጠላዋ ገና ከዝናቡ አልደረቀም።

«ከቤቱ የጎደለ ነገር አለ?» አላት ክንዱ።

ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች። ባሏን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄደችና ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆመች። ቁም ሳጥኑ ቁልፍ የለውም። በጎኑ የተሸሸገች እንጨት አለች፤ እሷን ወደ ውስጥ ገፍቶ ወደ ላይ ያልሳባት ሰው አይከፍተውም። አመተ ሥላሴ ገፋች፤ ሳበች። ተከፈተ።

ሦስት እርከን ነው። ከላይኛው ላይ የ«አጋንንት ገበያ» አዲስ ክፍል ረቂቅ አለ። ከመካከለኛው የ«ብረት ገበሬዎች» አዲስ ክፍል ረቂቅ አለ። ከታችኛው ምንም የለም።

«ወለላን ወሰዷት!» አለች።

ክንዱ ልቡ ደንገጥ አለ፤ ፊቱ ላይ ግን አላሳየም።

በጎንደር ፊደል የቆጠረ ሁሉ የወልደኢየሱስን መጻሕፍት ያውቃል። ቀን ተማሪ ቤት ሲያስተምር ይውል ነበር፤ የተረፈውን ጊዜ ሲጽፍ። እጁ አይደክምም ነበር። በ«አጋንንት ገበያ» ውስጥ ከስሜን ተራሮች ሥር ነፍስ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በ«ብረት ገበሬዎች» ከብዙ ዘመን በኋላ የሚነሡ የብረት ሰዎች ደምቢያን ያርሳሉ፤ አርሰውም ለምን ረኀብ እንደማይሰማቸው ይጨነቃሉ። «የወለላ ታንኳ» ደግሞ ከጣና በደንገል ታንኳ ተነሥታ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትቀዝፍ ልጅ ታሪክ ነው። አንዱን ያነበበ ሰው ሌላውን ሲያገኝ «ይህንም እሱ ነው የጻፈው?» ብሎ ሽፋኑን ይመረምራል።

መቶ አለቃ ክንዱ ሰባቱንም የወለላ መጻሕፍት አንብቧል። ለፖሊስ አይመጥንም ብሎ ለማንም አልተናገረም እንጂ።

«ስምንተኛውን ጨርሶት ነበር?»

«ሐሙስ ዕለት ጨረሰው። የመጨረሻውን ለኔ ነገረኝና አለቀሰ።» አመተ ሥላሴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትሞታለች። ብቻዋን ወደ ነጎድጓድ ደመና ትገባና ሳትወጣ ትቀራለች።»

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሰማ አለ?»

«ማንም። ሳይታተም ፍጻሜ አይናገርም። ለኔም የነገረኝ ጨንቆት ነው።»

«ቁም ሳጥኑን መክፈት የሚያውቅስ?»

ቀና ብላ አየችው። «እሱና እኔ። የሠራው አናጢም። ምነው መቶ አለቃ፣ እኔን ነው እንዴ የጠረጠሩ?»

ክንዱ ማኅበርተኞቹን ጠየቀ፤ ከማኅበሩ ቤት አልወጣችም አሉ። እሱም እነሱን ጠረጠረና እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ደግሞ ጠየቀ። ቃላቸው አንድ ሆነ።

ከተማው ግን ገዳዩን ቀድሞ አውቆ ነበር። «መሪጌታ ናቸው» ይላል ሁሉም። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ወልደኢየሱስን አውግዘውታል። «አጋንንትን በቀለም የሚጠራ፣ አንድ ቀን ሲመጡለት ያያል» ብለዋል፤ ሕዝብ ሰምቷል።

ክንዱ ከቤታቸው ሲደርስ መሪጌታ ደበሎ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የኔታ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ቅኔ ስዘርፍ።»

«ማን አየዎት?»

«ልዑል እግዚአብሔር።»

«እሱን ለምስክርነት መጥራት ይቸግረኛል።»

መሪጌታ ሣቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፈሩበት። «ስማ ልጄ። ምኑ ነው የተሰረቀ?»

«የወለላ መጽሐፍ።»

«ወለላ ማን ናት?»

«በታንኳ ወደ ሰማይ የምትሄደዋ።»

«እሷን አላውቃት። እኔ ያወገዝሁት ገበያውን ነው። ብሰርቅ ያንን ሰርቄ አቃጥል ነበር፤ እሱን ትተው ሌላ ወሰዱ እንዴ?» ቀጥለውም ጠየቁ፤ «የገበያው አዲሱ ክፍል ግን ተርፏል?»

«ተርፏል።»

«እፎይ» አሉ መሪጌታ። ክንዱ አተኩሮ ሲያያቸው ጊዜ ደበሎውን ሰብስበው፣ «ለማውገዝም ቢሆን ማንበብ ያሻል» አሉ።

ከደበሎው ሥር የመጽሐፍ ጫፍ ይታያል። ክንዱ ያላየ መስሎ ወጣ። ቢሆንም የመንደሩን ሰው ጠየቀ። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ዝናቡ እስኪያባራ አብረዋቸው እንደነበሩ መሰከሩ።

ቀጥሎ ፒያሳ ወረደ። ነጋ መጻሕፍት ይሸጣል፤ የወልደኢየሱስን ሥራዎች አሥመራ ልኮ የሚያሳትመውም እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ከደራሲው ጋር በሱቁ ደጃፍ ሲጯጯሁ ሰው ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ተጣላን አይባልም። ተነጋገርን።»

«ሱቅህ ፊት ያለው ልብስ ሰፊ ሥራውን አቁሞ ሲሰማችሁ ነበር።»

ነጋ ላቡን ጠረገ። «ወለላ አትሸጥም፣ መቶ አለቃ። የጤና ኮሌጁ ተማሪዎች የብረት ሰዎቹን ይሻማሉ። ገበያውን ቄሱም ምእመኑም ይደብቀዋል እንጂ ሳይገዛው አይቀርም። የሷ ግን አቧራ ትጠጣለች። ‹ልጅቷን ጨርሳትና ወደሚሸጠው ተመለስ› አልሁት።»

«ጨርሳት አልህ?»

«በመጽሐፍ! በመጽሐፍ ነው እንጂ!»

«እንዴት እንደሚጨርሳት ነገረህ?»

«አልጠየቅሁትም። ‹እሺ፣ ጨርሻታለሁ› ብሎኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሄደ።»

ነጋ ደራሲው በሞተበት እሑድ አዘዞ ሠርግ ላይ ነበር። ሲጨፍር ያየው ሰው ብዙ ነው።

ክንዱ በእግሩ እየሄደ አሰበ። ሌባው የሚሸጠውን ትቷል። የሚወገዘውንም ትቷል። የወሰደው ማንም የማይገዛውን ነው። እንግዲህ ለገንዘብም ለሃይማኖትም አይደለም። ታዲያ ወለላን አጥብቆ የሚፈልግ ማን ነው?

ከራሱ በቀር ማንንም አላወቀም።

ቁም ሳጥኑን የሠራው አያ አለበል የሟቹ አጥር ተጎራባች ናቸው። ክንዱ ሲገባ ጣውላ ይልጋሉ። የወልደኢየሱስን የሬሳ ሣጥን እየሠሩ ነበር፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽማግሌው ከጣውላው ዓይናቸውን አላነሡም። ደጅ ሰማዩ ጠቁሯል።

«አያ አለበል፣ የቁም ሳጥኑን ምሥጢር ለማን አሳይተዋል?»

«ለባለቤቶቹ።»

«ወልደኢየሱስን መጨረሻ ያገኙት መቼ ነው?»

«ለፋሲካ መስኮት ጠግኜለታለሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አደርህ፣ እንዴት ዋልህ ነው።»

«መጻሕፍቱን ይወዷቸው ነበር?»

«እኔ ፊደል አላውቅ፣ ጌታው። በረንዳው ላይ ለጎረቤት ሲያነብ እሰማለሁ።»

«የትኛውን?»

መላጊያው ቆመ። «ወለላን» አሉ።

በዚያው ቅጽበት ሰማዩ ተሰነጠቀ። ነጎድጓዱ የቤቱን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ክንዱ ወሬ ለማስቀጠል ያህል፣ «ይኸኔ ወለላ ብትኖር ደስ ይላት ነበር» አለ።

«ደስ?» አያ አለበል ዞር አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሷ ነች ነጎድጓድ ደስ የሚላት? ጆሮዋን ይዛ ጋቢዬ ሥር ነው የምትገባ! ይህን እያወቀ፣ እንዴት ብሎ ነው እዚያ ደመና ውስጥ ብቻዋን የሚሰዳት?»

ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።

«አያ አለበል» አለ ክንዱ ቀስ ብሎ፤ «እኔ ሰባቱንም አንብቤያለሁ። የመጽሐፉ ወለላ ነጎድጓድ አትፈራም። እየሣቀች ነው የምትቀዝፈው።»

ሽማግሌው ጣውላውን ዳበሱ።

«ወደ ደመናው ብቻዋን የገባችውም በስምንተኛው ነው። ስምንተኛው ደግሞ በረንዳ ላይ አልተነበበም። እርስዎ ከማን ሰሙት?»

መላጊያው ከእጃቸው ወድቆ ጣውላው ላይ ነጠረ።

«ጋቢዎ ሥር የምትገባዋ ወለላ ማን ናት?»

«አበቡ ናት» አሉ አያ አለበል። «ልጄ።»

ከጣውላው ክምር ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ከዝናቡ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ክንዱ ሳያቋርጥ ሰማቸው።

እናቷ በወሊድ ሞታለች። አበቡ ያደገችው በሁለቱ አጥር መካከል ነው፤ ልጅ ያልወለደችው አመተ ሥላሴ አዝላታለች፣ ወልደኢየሱስም ተረት እየፈጠረ አጫውቷታል። በስምንት ዓመቷ ኩፍኝ ገባና ወሰዳት። ዓመቱን ሙሉ አባቷ ከሰው አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ወልደኢየሱስ ከበረንዳው ጠራቸው። «ይቀመጡ፣ አያ፤ ይስሙኝ» ብሎ አነበበላቸው። ወለላ የምትባል ልጅ ደንገል ስትቆርጥ፣ ታንኳ ስታስር፣ ውኃው አልቆባት ወደ ሰማይ ስትቀዝፍ።

«ሣቋ የሷ ነው፣ ጌታው። አነጋገሯ የሷ ነው። በየመጽሐፉ ታድጋለች። ወለላ ይበላት እንጂ እኔ አውቃታለሁ። እንደሌላው ልጅ ከፍ ስትል፣ ጠባይዋ ሲለወጥ እሰማለሁ። ነጎድጓዱን እየሣቀች ስታልፈው ሰምቼ፣ እዚያ ሄዳ ጎብዛለች ብዬ ደስ ብሎኛል። ለኔ ግን ያው ፈሪዋ ልጄ ነች። ዘንድሮ ልድራት ይገባኝ ነበር።»

«እሑድ ምን ሆነ?»

«ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ከሌላ እንዳልሰማ ብሎ ነው። ‹አያ አለበል፣ ወለላን ላሳርፋት ነው› አለኝ። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። አሟሟቷን ነገረኝ። ‹አትግደላት› አልሁት። ‹መጻፉን ተወው፤ እዚያው ሰማይ ላይ ትኑርልኝ፤ ብቻ አትግደላት።› ‹ታሪክ ፍጻሜ ይሻል› አለኝ። ጌታው፣ እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ። ሁለተኛ እንዴት አድርጌ ልቅበራት?»

«ከዚያስ?»

«ወረቀቱን ያዝሁ። እሱም ያዘ። ገፋሁት። ሳንዱቁ ላይ ወደቀ። ይነሣል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። አልተነሣም። ቁም ሳጥኑን ዘግቼ ወጣሁ፤ ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ክፍት ሲሆን ደስ አይለኝም።» እጃቸውን አዩት። «የሚያኖራት እሱ ነበር። እሱን ገደልሁት። አሁን ማን ይጽፍላታል?»

ረቂቁን ከአልጋቸው ራስጌ አወጡ። በትንሽ የልጅ ቀሚስ ተጠቅልሏል። አንዱም ቅጠል አልተነካም።

ክንዱ ካቴናውን አወጣ። አያ አለበል እጃቸውን አልዘረጉም።

«ሣጥኑን ልጨርስለት። ሰው ለቀብር ቆሟል።»

ክንዱ ካቴናውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከደጃፉ ላይ ቆሞ የመጨረሻው ሚስማር እስኪመታ ጠበቀ።

ችሎቱ በሰው ተጨናነቀ። ወሬው ከጎንደር አልፎ ጭልጋ ደርሷል። አቃቤ ሕጉ ረቂቁን በኤግዚቢትነት አቀረበና የገዳዩን ምክንያት ለማስረዳት የመጨረሻው ምዕራፍ እንዲነበብ ጠየቀ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ፍጻሜውን ለመስማት የመጣ ብዙ ነበር።

አያ አለበል ሳይፈቀድላቸው ተነሡ።

«አይነበብ! ጥፋተኛ ነኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ አምኛለሁ፣ ስቀሉት ብትሉም አምኛለሁ። ብቻ በሰው ፊት እንዳትነበብ!»

ዳኛው ክንዱን አዩት። «ማንበቡ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም፣ ክቡርነትዎ» አለ ክንዱ።

አልተነበበም። ሆን ብለው አልገደሉም ተብሎ ከሞት ዳኑ፤ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው።

ከችሎቱ ደጅ ነጋ አመተ ሥላሴን ተጠጋት። «እትዬ፣ ረቂቁ ለእርስዎ ይመለሳል። ዛሬ ከተማው ሁሉ ወለላን ይጠይቃል። ልኬ ላሳትመው።»

«ገበያውን አሳትም። የብረቶቹንም አሳትም» አለችው። «ይህን ግን አልሰጥህም።»

«ለባልዎ ገዳይ አዝነው ነው?»

«ለሱ አላዘንሁም። እግዚአብሔር ይፍረደው። ልጅቷን ግን እኔም አዝያታለሁ።» ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እስረኛ የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነሣ። አያ አለበል ከላይ ተቀምጠዋል። ክንዱ ሊሰናበታቸው ቀረበ።

«መቶ አለቃ» አሉት ጎንበስ ብለው፤ «አንተ አንብበኸዋል። ወልደኢየሱስ እንዳለው ነው? እውነት ሞታለች?»

ክንዱ ሙሉውን አንብቦታል፤ የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ሁለት ጊዜ። በፖሊስነት ዘመኑ ያላረጋገጠውን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም።

«ደመናው ውስጥ ገባች ይላል» አለ። «ሬሳዋ ግን አልተገኘም፣ አያ አለበል።»