የተዘለለችው ዜሮ

መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። የማከፋፈያ ጣቢያውን ግቢ አቧራ እንዳለ ተሸክሞ መጥቶ፣ ገና የተወለወለው የቢሮዋ ወለል ላይ አራግፎታል።

«ብሬከሬን ኮምፒውተር ላይ የምታቃጥይው አንቺ ነሽ?» አላት።

«የማጠፋው ነኝ እንጂ!» አለች ቀና ብላ። የሥራ ጓንቱን የኋላ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ግን ወንበር ሳበችለት።

ሥራዋ እሳትን በኮምፒውተር አስቀድሞ ማስላት ነው። ብዙ ኃይል የተሸከመ ብሬከር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫው፣ ሲከፈት በሚለያዩት ሁለት ብረቶች መካከል አርክ የሚሉት እሳት ይዘረጋል። ይህ እሳት የሚሞትበት አንድ ዕድል አለው፤ ከረንቱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ዜሮ የሚነካባት ቅጽበት። ያኔ በደንብ ከቀዘቀዘ ጠፋ። ካልቀዘቀዘ ዳግም ይነሳል፤ ብሬከሩም አጠገቡ ያለውን ይዞ ሊፈነዳ ይችላል። እሱ ደግሞ ብሬከሮቹን የሚጠግንና የሚከፍት ቴክኒሻን ነው።

ባወራችው ቁጥር ዜሮ ዜሮ ስትል ሰምቶ «ዜሮዬ» አላት። እሷም «ጓንቴ» አለችው። የመለኪያ ቁጥር ለማምጣት ይመጣ የነበረው ሰው፣ ቁጥር ሳይኖረውም መምጣት ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አወቀባቸው፤ መጨረሻ ላይ ያወቁት ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ከምሳ ሲመለሱ ደረጃው ላይ አስቆማት።

«ዜሮዬ... አባትሽ ዘንድ ልምጣ?»

«የዚያ አሮጌ ብሬከር የመለኪያ ቁጥር ደረሰልህ እንዴ?» አለችው።

«ጠየቅኩሽ እኮ!»

«ሰምቻለሁ... ሥራ አለብኝ።»

ቅባት የነካውን የቱታውን እጅጌ ተመለከተ። «ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ቱታ ለባሽ ለእናንተ ቤት አይመጥንም።»

እንዲያ አልነበረም! አባቷ ቀኝ እጃቸውን ያጡት በአርክ ነው። ልጅ ሆና፣ ከእናቷ ጋር ሆስፒታል በር ላይ ቆማ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው አላገባም ብላ ለራሷ ምላለች። ይህን ግን አልነገረችውም። እሱም ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሳም።

በዚህ መሃል አለቃዋ ስሌቱን ቶሎ ጨርሺ ብሎ ወጥሮ ያዛት። አሮጌው ብሬከር ሊነቀል ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚታዘዝበት ገመድ ስለተበላሸ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ በእጁ ይከፍተዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። እየተጣደፈች አሰላች። ኮምፒውተሩ ላይ እሳቱ ጠፋ። ፈረመች።

በመክፈቻው ቀን ጠዋት የስሌቱን ግራፍ አጉልታ አየችው። ክው አለች።

ኮምፒውተሩ የሚያሰላው በጊዜ ላይ እየተራመደ ነው። ቶሎ እንዲጨርስላት እርምጃውን አስፍታው ነበር። አንዷ ነጥብ ከዜሮዋ በፊት አርፋለች፤ ቀጣይዋ ከዜሮዋ በኋላ። መሃሉን ማንም አላየውም! እሳቱ የጠፋው ኮምፒውተሩ ዜሮዋን ዘሎ ስላለፋት ብቻ ነው። እርምጃውን አጥብባ እንደገና አስኬደችው። የግራፉ መስመር ወደ ዜሮ ወረደ... ትንሽ አመነታ... ተመልሶ ተነሳ፤ እሳቱ አልጠፋም።

ወደ እሱ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍል ደወለች።

«እንዳይከፍተው! አስቁሙት!»

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው የፈረቃ ኃላፊ። «ይጠፋል ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ተሳስቻለሁ! በሞቴ ጋሼ፣ ያስቁሙልኝ!»

ሽማግሌው በሬዲዮ ሲነግሩት በስልኩ ውስጥ ትሰማለች።

«እጄ እጀታው ላይ ነው» አለ የእሱ ድምፅ። «ቱታዬን ናቀች፤ ዛሬ ደግሞ እጄንም?»

ሽማግሌው ስልኩን ሬዲዮው ላይ ደቀኑት። «ራስሽ ንገሪው!»

ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማት እንደሆነ ታውቃለች። ግድ አልሰጣትም።

«አልናቅኩህም! አባቴ እጁን ያጣው እንደዚያ ዓይነት ብሬከር አጠገብ ቆሞ ነው። ያን ቀን መልስ ያጣሁልህ ፈርቼ ነው!»

«አሁን የምታናግሪኝ በፍርሃትሽ ነው በስሌትሽ?» አላት።

«በስሌቴ። እሳቱ አይጠፋም። ዋናውን ነገር ዘልዬ አልፌው ነበር... ያንተንም ጥያቄ እንደዚያው።»

ጣቷ የስልኩን ገመድ እየጠመዘዘ፣ ከሩቅ የሚመጣ ፍንዳታ ካለ ብላ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ጣለች።

«ጓንቴን አወለቅኩ» አለ በመጨረሻ። «እየራቅኩ ነው፣ ዜሮዬ።»

ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያን ቀን የኤሌክትሪክ መስመሩ በሌላኛው ጫፉ ካለው ጣቢያ ተቋረጠ፤ አሮጌው ብሬከርም ኃይል ሳይኖርበት ተከፈተ። እሷም ስህተቷን ዘርዝራ ሪፖርቱን በስሟ ደግማ አቀረበች። አለቃዋ አንብቦ ሲጨርስ፣ ከእንግዲህ አላጣድፍሽም ብሎ ብቻ ወጣ።

እሁድ ዕለት ጫማውን ወልውሎ አባቷ ቤት መጣ። ገና ሳይቀመጥ ነው አባቷ የጀመሩት።

«እጆችህን አሳየኝ።»

ግራ እየገባው ዘረጋቸው። አባቷ ባለችው ግራ እጃቸው አንዱን ይዘው ገለበጡት፤ ከዚያ ሌላውን። ጣት በጣት አዩ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ቀሚሷን ጨብጣለች።

«ማታ ማታ ሁለቱንም ይዘህላት ግባ» አሉት። «ሌላ ምንም አልፈልግብህም።»

እናቷ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሱም ወደ በሩ ዞረ።

«ዜሮዬ፣ ያን ቀን የጠየቅኩሽን...»

«አዎ!» አለች፣ ሳያስጨርስ።