የቴኦኔ እንፋሎት የት ሄደ?

ይሄን ታሪክ ከሰው ሰምቼው አይደለም... የደረሰብኝ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። ምስክር ካላችሁኝ አክስቴ ፔቲ አሉ። ዛሬም ስለዚያ ነገር ሲነሳ ከክፍሉ ተነስተው ይወጣሉ።

ጊዜው ያለፈው ሚያዝያ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ እያለች። ቦታው ከኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ባሕሩ ማዶ ያለችው የቤተሰባችን ደሴት ናት።

ሱቅ የለም። ስልክ አይሠራም። ጀልባው ከነዕቃችን አራግፎን ይሄዳል፣ የሚመለሰው የወፉ ወቅት ሲያልቅ ነው።

የምንሄደው ለምግብ የሚሆን የቲቲ ጫጩት ልንይዝ ነው። ቲቲ የባሕር ወፍ ናት፤ ጫጩቷን የምታሳድገው መሬት ውስጥ ቦርቡራ ነው። እኛ በደረታችን ተኝተን ክንዳችንን እስከ ትከሻ ጉድጓዱ ውስጥ እንከታለን... እንዳብሳለን... ለስላሳ ላባ ሲነካን እንጎትታለን። ክንድ ካልደረሰ ከላይ ሌላ ቀዳዳ እንቆፍራለን።

ያንን የቆፈርነውን ቀዳዳ ግን በጓል ጠቅጥቀን ሳንደፍን ንቅንቅ አንልም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ካልተደፈነ ወፏ በዓመቱ አትመለስም። አክስቴ ፔቲ ደግሞ ሌላም ምክንያት አላቸው፤ ግን አይናገሩትም።

የዘንድሮው ጉዞ ለእኔ የወፍ ብቻ አልነበረም። የታናሽ ወንድሜ የቴኦኔ ነፍስ ጉዳይ ነበር።

አባዬ ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሞተው። ሳንባው አልቆ። መጨረሻ ላይ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጄን ይዞ፣ "ራሄራ... ትንሽ አየር..." ይለኝ ነበር። ከየት አምጥቼ ልስጠው?

ቴኦኔ ማጨስ የጀመረው በአባዬ እጅ ነው። እዚችው ደሴት ላይ። ሁለቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው አንዷን ጥቅል ትምባሆ ይቀባበሉ ነበር። አባዬ አንዴ ይስባል፣ ለልጁ ያቀብላል። ከዚያ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ እፍ ይልና "ወፏም ታጭስ እንጂ" ብሎ ይስቃል። አባትና ልጅ ፍቅራቸው እንዲያ ነበር።

አባዬ ከሞተ በኋላ ቴኦኔም ማሳል ጀመረ። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው... ካላቆምክ መንገድህ የአባትህ ነው። ሁያ የምትባል ገና መዳህ ያልጀመረች ልጅ አለችው። ስንት ነገር እንደሞከረ አትጠይቁኝ። ማስቲካውንም፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈውንም ሞክሯል። በመጨረሻ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቬፕ ሰጠችው፣ ያችን በባትሪ የምትሠራውን የእንፋሎት ሲጋራ። "ሲጋራውን በዚህ ተካው፤ ከዚያ የፈሳሹን ጉልበት እየቀነስን ይሄንንም እናስጥልሃለን" አለችው።

ሠራለት። ከገና ወዲህ አንዲት ሲጋራ በአፉ አልዞረችም። ደሴቷም ላይ ቬፑንና የነርሷን ደካማ ፈሳሽ ብቻ ይዞ መጣ። ሲጋራ አምሮት ቢያብድ እንኳ የሚገዛበት የለም። ይሄን ጊዜ እዚህ ካለፈው ድኗል ማለት ነው ብዬ ነበር።

አክስቴ ፔቲ ግን በቬፑ ማላገጥ አይተዉም።

"መጣ ደግሞ ማንቆርቆሪያው" ይላሉ፣ በማንጎ ሽታ እንፋሎት ተከቦ ሲያዩት። "ና እስቲ እዚህ ተንፍስ፣ ሻይ ላፍላብህ።"

"ስኳር ይዘው ይምጡ እንጂ አክስቴ፣ የፈላ ውኃማ ሞልቷል" ይላቸዋል።

እንስቃለን። እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት እወዳቸዋለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴኦኔ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ዳገት ላይ፣ ቀዳዳ ቆፍሮ አጎንብሷል። ሲጋራ እንዳማረው ከጀርባው አውቄያለሁ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቬፑን አወጣና ሳበ። ከዚያ... ምን ትዝ እንዳለው እንጃ... እንፋሎቱን ወደ ጉድጓዱ እፍ አለ።

"ወፏም ታጭስ እንጂ" አለ ለራሱ።

ከውስጥ ሳል ተሰማ።

የወፍ ድምፅ አልነበረም። የወፍ ድምፅ እኔ አውቃለሁ። እርጥብ የሆነ... ከሆድ የሚመጣ... ሲያልቅ የሚያፏጭ የሰው ሳል ነው።

"ሰማህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ሳሉን።"

"ወፍ ናት" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ወፍ ናት እህትአለም። ሥራሽን ሥሪ።"

ባልዲውን አንስቶ ወረደ። ቀዳዳውን ግን አልደፈነውም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እኔው ጓል አምጥቼ ጠቀጠቅኩት፣ በእግሬ ረገጥኩትና ተከተልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቀዳዳው ተከፍቷል።

ቴኦኔ ነው የከፈተው እንዳልል... ጓሉ የተበተነው ወደ ውጭ ነው። ከውስጥ የተገፋ ይመስላል።

እንደገና ደፈንኩት። እንደገና ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ከዚያ ዳገት ተነስ ቢሉት የማይነሳ ሆነ። በደረቱ ተኝቶ፣ አፉን ቀዳዳው ላይ ደፍቶ ይውላል። ወፍ አይዝም። ያንሾካሹካል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም።"

"ባልዲህ ባዶ ነው እኮ።"

"ነገ እይዛለሁ።"

"ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር።"

አፉን መልሶ ቀዳዳው ላይ ደፋ።

ቬፑ ደግሞ ሌላ ጉድ። ይስባል... ደረቱ ይነፋል... ምንም አይወጣም። ያ ሁሉ እንፋሎት የት እንደሚገባ ግራ ገባኝ። እስክንመለስ ይበቃል የተባለው ፈሳሽ በጥቂት ቀን ተሟጠጠ።

አንድ ቀን ምሳ ሲበላ ቬፑን ዳገቱ ላይ ትቶት መጣ። ላመጣለት ወጣሁ። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ የሚሳብበት ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሮ።

የቬፑን መብራት ታውቋታላችሁ። ሰው ሲስብ ነው የምትበራው።

መብራቷ በራች።

ጠፋች... በራች...

ሳልነካው ተመለስኩ። ምሳዬንም አልበላሁም።

ከሰዓት ከአክስቴ ፔቲ ጋር የወፍ ላባ ስንነጭ ዋልን። ባላቸው አጎቴ ታሜ እዚሁ ነበር አጠገባቸው የሚቀመጠው፤ እሱንም ሳንባው ነው የገደለው። ድንገት እጃቸውን ከላባው ላይ አነሱ።

"ሌሊቱን የታሜን ሳል ስሰማ ነው ያደርኩት" አሉኝ። "ሕልም ነው ብዬ ተውኩት።"

"ሕልም ነው አክስቴ።"

"ይሁን" አሉና ወደ ላባቸው ተመለሱ።

በነጋታው ብርዱ ለጉድ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመን ቁርስ እንበላለን።

"ማንቆርቆሪያው ምነው ዛሬ አልፈላ አለ?" አሉ አክስቴ ፔቲ። ለጨዋታ ነበር። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

ከእኔ አፍ ነጭ ትንፋሽ ይወጣል። ከእሳቸውም አፍ ይወጣል።

ከቴኦኔ አፍ ምንም።

"ቴኦኔ" አሉት ቀስ ብለው። "እስቲ ተንፍስ።"

"እየተነፈስኩ ነው አክስቴ።"

"አላየሁትማ።"

ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ። ዳቦውን አልነካውም። ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። አባዬም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲያ ነበር የሆነው።

አክስቴ ክንዴን ጨመቁኝ። "ያልተደፈነ ቀዳዳ አለ?"

"ደፍኜው ነበር... ይከፈታል።"

"የት ጋ?"

"አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ጋ።"

አይናቸውን ጨፈኑ። "ያን ልጅ ከዚያ አምጪልኝ" አሉኝ። "በቶሎ።"

እየሮጥኩ ወጣሁ። ቀዳዳው ነጭ እንፋሎት ያወጣል። ይወጣል... ይቆማል... ይወጣል። የማንጎ ሽታ አለው። ከሥሩ ደግሞ የትምባሆ። ደሴቷ ላይ አንዲት ፍሬ ትምባሆ የለችም፤ ዕቃችንን የጫንኩት እኔ ነኝ።

ቴኦኔ አጠገቡ ተቀምጧል። አላናገርኩትም። ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልደፍነውም አልኩና በደረቴ ተኛሁ። ክንዴን ከተትኩ።

እስከ ክርን... እስከ ትከሻ...

አፈሩ ይሞቃል። ሰው የተነሳበት አልጋ ያህል ይሞቃል። ላባ ፈለግኩ። ላባ የለም።

ከዚያ በሁለት ጣቶቼ መሀል አንድ ነገር ገባ።

እኔ አልያዝኩትም። አቀበለኝ። እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ቀስ ብሎ አቀበለኝ።

ክንዴን መዝዤ አወጣሁ። በእጅ የተጠቀለለች ትምባሆ ናት። አንዱ ጫፏ በምራቅ ርሷል። ሌላው ይጨሳል።

ቴኦኔ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ።"

"አብደሃል?"

"አምሮኝ አይደለም። ተራዬ ስለሆነ ነው።"

"ቴኦኔ... አባዬ ሞቷል።"

"አውቃለሁ" አለኝ። እንባው ወረደ። "አየር የለውም እኮ እህትአለም። እዚያም አየር የለውም። ያኔ ትንሽ አየር ሲለምነን ቆመን አየነው። አሁን ግን የምሰጠው አለኝ... እስባለሁ፣ እሱ ይወስዳል። ትንሽ ነው የሚወስደው።"

"ያንተን ነው የሚወስደው። ከንፈርህን አይተኸዋል? ሁያስ?"

"ትንሽ ነው..." አለ እንደገና። ድምፁ ግን አይሰማም፤ ትንፋሽ አጥሮታል።

ትምባሆዋን ጭቃ ውስጥ ረገጥኳት። ከዚያ ተንበርክኬ መድፈን ጀመርኩ። ጓል፣ ድንጋይ፣ ሥር... ያገኘሁትን ሁሉ። ጥፍሬ ሲነቀል አላወቅኩም።

ከሥር ድምፅ መጣ።

"ራሄራ..."

እጄ ቆመ።

"ራሄራ... ትንሽ አየር..."

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የአባቴ ድምፅ ነው። ቃሉም ያው ነው። አንዴ ታፍኖ ሲሞት አይቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ላፍነው ነው። እያለቀስኩ ደፈንኩት። "ይቅር በለኝ አባዬ... ይቅር በለኝ..." እያልኩ በጉልበቴ ተጫንኩት። ሳሉ ቀጠነ... ቀጠነ... ጠፋ።

ቴኦኔ በጀርባው ወደቀ። አፉን ከፈተ። ነጭ ትንፋሽ ወጣ።

አቅፌው ተንሰቀሰቅኩ። እሱም አለቀሰ። ግን ያለቀስነው ለየብቻ ነበር። እኔ ለእሱ ነው ያለቀስኩት፤ እሱ ለአባዬ።

አክስቴ ፔቲ በመገናኛ ሬዲዮ ጀልባ ጠሩ። ወፉ ሳያልቅ ደሴቷን ለቀን መውጣት በቤተሰባችን ሆኖ አያውቅም። ማንም ግን አልተከራከረም። ቴኦኔ ቬፑን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ከእንግዲህ ይሄም አያስፈልገኝም" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነርሷም ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን አነጋገሩ አላማረኝም።

ጀልባው ሲነሳ ጠዋት ነው። ብርዱ ይቆርጣል። ነጂው ከፊት ክፍሉ ውስጥ ነው፤ እኛ ከኋላ ተቀምጠናል፣ ቴኦኔ በመሀላችን። ትንፋሹን እያየሁ ልቤን አረጋጋለሁ።

"ራሄራ" አሉ አክስቴ ፔቲ። "ዳገቱን እዪው..."

ዞርኩ።

ከአንዱ ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ከሁሉም ነው። እኛ ያልነካናቸውም፣ አያቶቻችን የደፈኗቸውም... ዳገቱ ሙሉ ነጭ ትንፋሽ ይወጣል። አንድ ላይ ይወጣል። አንድ ላይ ይቆማል።

አክስቴ ፔቲ ሙታንን የምንሰናበትበትን ቃል ጀመሩት። "ታሜ" ብለው ሲጠሩ ድምፃቸው ተቆረጠ።

ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ቴኦኔ ሲያወጣ ዳገቱ ያወጣል። ቴኦኔ ሲስብ ዳገቱ ይስባል።

እሱም አየው። አልፈራም። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው... አልፈራም፤ አዘነላቸው።

"ምን ያህል ናቸው..." አለ በቀስታ። "ለሁሉም እንዴት ይበቃል?"

ትንፋሹን ያዘ።

ዳገቱም ያዘ።

"ተንፍስ" አልኩት። "ቴኦኔ... ተንፍስ... ለሁያ ስትል ተንፍስ..."

ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። አክስቴ ፔቲ ደረቱን ይመቱታል፣ ይለምኑታል። እሱ አፉን ገጥሞ ወደ ደሴቷ ያያል። ደሴቷ ላይ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

በዚያ ሁሉ ብርድ፣ ነጭ ትንፋሽ የሚወጣው ከእኔና ከአክስቴ አፍ ብቻ ነበር።