ሦስተኛው ጥቅል

ፊልሙ አለቀ፤ መብራት ግን አልበራም።

አዋሳ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ። የሠራተኞች አዳራሽ ያለው የፊልም ማሽን አንድ ብቻ ነው። አንዱ የፊልም ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ መብራት ይበራል፣ ሰው ያፏጫል። ያን ቀን ግን ሸራው ነጭ ሆኖ ቀረ።

"ገብሬ! ተኛህ እንዴ?" ብለው ጮኹ።

ጠራጊው ኩማ ሊያየው ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣ። ፊልም አጫዋቹ ገብረጻድቅ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ወድቋል። ኩማ አቅፎ ሊያነሳው ታገለ። እጁ ደም የነካው በዚህ ደግነቱ ነው፤ ካቴና የገባበትም በዚሁ።

ጠዋት ስለ አዳራሹ ቁልፍ ሁለቱ ተጨቃጭቀው ነበር። በቃ! ለጣቢያው ይኸው በቂ ሆነ። ታስሮ ሲወሰድ የሟች ሚስት ፀሐይ ፊቱ ላይ ተፋችበት። በሦስተኛው ቀን "ገደልኩ" ብሎ ፈረመ።

ጠበቃ እታፈራሁ ልታየው ሄደች። ውስጥ እግሩ ተገርፎ አብጧል፤ ጫማው አልገባ ብሎት በእጁ ይዞታል።

"ለምን ፈረምክ?"

"ዱላው እንዲቆም ነው፣ እትዬ።"

"ሞት ሊፈርዱብህ እንደሚችሉ አላወቅክም?"

"ያኔ ሞት ይሻላል መሰለኝ።"

የእታፈራሁ ደም ፈላ። እንዲህ ያለ ግፍ እያየሁ ዝም ካልኩ፣ ጠበቃነቱ አፈር ይብላ!

ከተማው ደግሞ ይስቅባታል። የእሑዱ ፊልም ድሮ በርካሽ የተሠራ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ ነበር። በፊልሙ አንዲት ሴት ጠበቃ ነፍሰ ገዳይ ታሳድዳለች። "እታፈራሁም ፊልም መሥራት አማራት" እያሉ ቢሮዋ በር ላይ ያሾፋሉ። ትስማ አትስማ ግድ የላቸውም።

እታፈራሁ ፀሐይ ቤት ለቅሶ ደረሰች። "ሰኞ ስብሰባ ላይ ጉድ አፈላለሁ ብሎኝ ነበር" አለቻት ፀሐይ። "ምን ጉድ? ብለው አልነግር አለኝ። አንድ ልጄ አለሙ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።"

እታፈራሁ መጀመሪያ የጠረጠረችው ትኬት ቆራጩን ደበሌን ነው። ከሟች ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ።

"ፊልሙ ሲታይ የት ነበርክ?"

"በሩ ላይ! ሰው ከቦኝ ሲሰድበኝ የት እሄዳለሁ?"

"ምን አድርገህ?"

"ገብሬ ጥቅል አሳስቶ ነዋ! አራተኛውን ከሦስተኛው አስቀደመው። ገዳዩ ታወቀ፣ ተያዘ፣ ተጨበጨበ። መብራት በራ። ሦስተኛው ሲገባ ያው ገዳይ ቁጭ ብሎ ራቱን ይበላል! 'ታሞኙናላችሁ እንዴ?' ብለው ሊያንቁኝ ነበር።"

"ይሄን ለፖሊስ ተናግረሃል?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ማንም! የሰው ነፍስ በእጃቸው ይዘው አንዲት ጥያቄ ከበዳቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልተሳሳተ ሰው ያን ቀን ምን ነካው? አጠገቡ ቆሞ የሚያስጨንቀው ሰው ነበር ማለት ነው።

የታሸገውን የማሽን ክፍል በፖሊስ አስከፈተች። ማሽኑ ላይ ሦስተኛው ጥቅል እንደተሰካ ነው። የጥቅሉን ቆርቆሮ መያዣ ስትከፍት ግርጌው ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። አነበበችው፤ ፖሊሱንም አስፈረመችው።

በችሎቱ ቀን ዋናው ምስክር ጓድ ካሳሁን ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበርና የአዳራሹ ኃላፊ። ኩማ በመሃል ተነስቶ ሲወጣ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ።

እታፈራሁ ተነሳች። "እርስዎስ እስከ መጨረሻው ነበሩ?"

"ከፊት ወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።"

"መጨረሻ ላይ የታየው ምን ነበር?"

ካሳሁን ወደ ዳኛው ዞሮ ሳቀ። "የፊልም ወግ ልናወራ ነው እንዴ?"

ዳኛው አልሳቁም። "ይመልሱ" አሉ።

"ሴትየዋ ጠበቃ ገዳዩን በጣቷ ጠቆመችው። ታሰረ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ መብራት ሳይበራ ቀረ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ግማሹ ታዳሚ ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸውና ሳቁ ጠፋ።

"ምን ያስገለፍጣችኋል?" አለ ካሳሁን።

"መጨረሻ ላይ የታየው ገዳዩ ራቱን ሲበላ ነው" አለች እታፈራሁ። "የነገሩን ቅዳሜ ብቻዎን ያዩትን ነው። ሕዝብ ሳያየው በፊት አንድ ቀን ቀድመው የሚመረምሩት እርስዎ አይደሉም? እሑድ የት ነበሩ?"

"ወንበሩ ባዶ ነበር!" የሚል ድምፅ ከታዳሚው መጣ። "መብራት ሲበራ አይተናል! ፈርተን ነው!"

"አንቺ! ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ?" አለ ካሳሁን።

"አሳምሬ!" ወረቀቱን ለዳኛው አቀበለች። "የቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ዝርዝር ነው። ቁጥር አሥራ ሰባት አለሙ ገብረጻድቅ ይላል። የተጻፈው ግን በምላጭ በተፋቀ ስም ላይ ነው። እባክዎ ወደ መስኮቱ ያዙት።"

ዳኛው ያዙት። የተፋቀው ልጅ ስም ጠፍቷል። የአባቱ ግን ይነበባል፤ ካሳሁን ይላል።

"የራስህን ልጅ ፍቀህ የሰው አንድያ ልጅ ላክህ!" አንቱታው ከአፏ ወደቀ። "ያንተ ልጅ ታቦር ተራራ ሥር ኳስ ይጫወታል! ሰኞ አጋልጥሃለሁ ሲልህ ማሽኑ ክፍል ድረስ ወጣህበት። በዛቻ ስታስጨንቀው ጥቅል ተሳሳተ። ሸራውን ዞር ብለህ እንኳ አላየህም!"

"ስጠኝ ብዬ ለመንኩት እኮ!" ብሎ ጮኸ ካሳሁን። "አንድ ወረቀት! ቢሰጠኝ ምን ነበረበት?"

የተናገረውን የሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

ኩማ ተፈታ። ጫማውን በእጁ ይዞ እያነከሰ ሲወጣ ፀሐይ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ጫማውን ከእጁ ተቀበለች።

"ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" አለችው። ከዚያ ወደ እታፈራሁ ዞረች። "ባሌን የገደለውን አወቅሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን አለሙን የሚመልስልኝ የትኛው ዳኛ ነው?"

እታፈራሁ የኩማን ክንድ ደገፈች። ሦስቱም በኩማ እርምጃ ልክ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ከተማ ሄዱ።