እሺ ብቻ ብጽፍለት ኖሮ

ሥራዬ ሰመራ ሆኖ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ማስጠንቀቅ ነው። ለአርብቶ አደሩ ባልደረባዬ ኸሊዳ በአፋርኛ ድምፅ ቀድታ ትልካለች። ለቢሮ ሰዎች እኔ በቴሌግራም ረጅም መግለጫ እጽፋለሁ። ለሾፌሮች ግን አጭር ጽሑፍ ብቻ። ይህንን ያስተማረኝ ሰላሀዲን የሚባል ሾፌር ነው።

የተገናኘነው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ጋ፣ የሾፌሮችን ስልክ ቁጥር ስመዘግብ ነው። መልእክቴን አነበበና ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ይኼ የኪራይ ውል ነው እንዴ? አንብቤ ሳልጨርስ ጎርፉ ይወስደኛል!»

«አንተ ብትሆን ምን ትጽፋለህ?»

«ጎርፍ። ሎግያ ድልድይ። ቁም።»

ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ልክ እንዳለው ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ በሰመራ ባለፈ ቁጥር ቢሮዬ በር ላይ ይቆማል፤ ብዙም አያወራም፣ አይቶኝ ብቻ ፈገግ ይላል። እኔም የመኪናውን ጥሩምባ ከሩቅ መለየት ጀመርኩ። ወደድኩት፣ ምን ልደብቅ!

ልንጋባ ስንል ግን አባቴ «የሾፌር ቤቱ መንገድ ነው» ብሎ እምቢ አለ። የሰላሀዲንም አባት አዋሽ ላይ የሌላ ሰው ልጅ መርጦለት ኖሯል። አንድ ሰኞ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ሲያልፍ ጠራኝ።

«ኢህሳንዬ፣ አባቴ ዓርብ ለዚያች ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እስከ ሐሙስ አባትሽን ለምኚልኝ። እሺ ካለ፣ እሺ ብለሽ ጻፊልኝ። ዝም ካልሽ እንደከለከለሽ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

«ብደውልልህስ?»

«እዚያ ድንበሩ የመኪና ሰልፍ ላይ ስልኩ ይቆራረጣል፣ የድምፅ መልእክትም አይወርድም። ጽሑፍ ብቻ ነው የሚደርሰኝ።»

ሦስት ቀን አለቀስኩ፣ ለመንኩ። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ አባቴ ጢሙን እያሻሸ «በቃ፣ ሽማግሌ ይላክ» አለ።

ያ ሁሉ ደስታ በአንድ ቃል አልገባ አለኝ። ድምፄን እንዲሰማ ፈለግኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ ስሙን እየደጋገምኩ ቀድቼ ላክሁለት። እኔ! ለስንቱ ሾፌር አጭር ጽሑፍ ስሰድ የኖርኩት ሴትዮ!

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደወለ።

«ድምፅሽ አሁን ሎግያ ስገባ ወረደልኝ» አለ።

«ስንቴ ሰማኸው?»

«ሦስቴ። እሺ ብቻ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት፣ ኢህሳን? ሐሙስ እስከ መግሪብ ሶላት ጠብቄሽ፣ ለአባቴ 'እንዳልከው ይሁን' ብዬ ጻፍኩለት።»

የእሱ ጽሑፍ ደርሷል። ዓርብ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፣ ቃል ተሰጥቷል፣ የማሰሪያው ፋቲሓ ተቀርቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«የሰው ልጅ ላዋርድ?» አለኝ።

አዎ፣ አዋርዳት ማለት አምሮኝ ነበር። ወላሂ አምሮኝ ነበር።

«አታዋርዳት» አልኩት።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ኸሊዳ «የሰላሀዲንን ቁጥር ከዝርዝሩ ላውጣልሽ?» አለችኝ። እንዴት ይወጣል? መንገዱ ያው መንገድ፣ ጎርፉም ያው ጎርፍ ነው። ትናንት ጠዋት ውሃው ሲሞላ ለሁሉም ላክሁ፦ «ጎርፍ። ሎግያ ድልድይ። ቁም።»

ሾፌሮች መልስ አይጽፉም። አንድ መልስ ግን መጣ፣ ከእሱ።

«ቆሜያለሁ። አላህ ይጠብቅሽ።»

ይኼኛው መልእክቴ ደረሰው። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።