ሻዩ የማን ነበር?

«እናቴ፣ ዛሬ ምክር የለም። ለነርስነት ከሆነ የመጡት ሰኞ ይመለሱ።»

«ለነርስነት አይደለም፤» አለች ሴትዮዋ የያዘችውን የፕላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«ለልብስ ስፌትም ቢሆን ሰኞ ነው። ዕድሜ አያሳስብዎት፤ እዚህ የልጅ ልጅ ያዩ ሰውዬ መጥተው ኮሌጅ ገብተዋል። ዛሬ ግን...» እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። አፏ ግን የለመደውን ከመጠየቅ አላረፈም። «ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጡት?»

«አሥረኛ። የመጣሁት ግን ለሬሳው ነው።»

«ዘመድ ነዎት?»

«ፖሊስ ነኝ።»

መርማሪዋ እንዲህ ያለው ነገር አዲሷ አይደለም። ፊቷ የሽንኩርት ዋጋ ሊጠይቅ የወጣ ሰው ፊት ነው። ስንቱ ጉልቤ በዚያ ፊት ተዘናግቶ ከሚገባው በላይ አውርቶ እስር ቤት ወርዷል።

ቤቱ የምክር ማዕከል ነው። ትምህርት ያቋረጡ፣ ከሥራ የተፈናቀሉ፣ ከእስር የወጡ ጎልማሶች «ምን ብማር፣ የትስ ብቀጠር ይሻለኛል?» እያሉ የሚመጡበት። ግድግዳው ላይ የኮሌጅ ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል። በሁሉም ላይ ልጅ እግር ተማሪዎች ያለ ምክንያት ይስቃሉ።

አማካሪው ሽማግሌ፣ ቤቱ ሁሉ «መምህር» የሚላቸው፣ በቢሯቸው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። የወደቁት ለባለጉዳይ ከተቀመጠው ወንበር ነው። መነጽራቸው በዚያው በኩል ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀርቷል፤ አጠገባቸው አንድ የሻይ ብርጭቆ ለሁለት ተሰብሯል። ከጠረጴዛው ማዶ፣ በራሳቸው ወንበር በኩል፣ ክዳን ያለው ኩባያ ባዶውን ቆሟል። በዚያ ወንበር መደገፊያ ላይ ደግሞ የሠራተኛ ጃኬት ተንጠልጥሏል፤ ትከሻው ከሟች ትከሻ እጥፍ ይሆናል።

«ተጠርጣሪው በእጃችን ነው፣ አለቃ፤» አለ ረዳቷ ደረቱን ነፍቶ። «በር ዘግተው ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ሞተ። የቀረው ደግሞ ሰው ገድሎ ታስሮ የወጣ ነው።»

«በምን ነበር የገደለው?»

«በመኪና ገጭቶ፣ ጥሎ ሸሽቶ።»

«ዛሬም መኪና ይዞ ነው የገባው?»

ረዳቷ ደረቱን መለሰ።

ተጠርጣሪው ኮሪደሩ ላይ፣ በካቴና፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ግዙፍ ሰው ነው። ከእስር ቤት ጀምሮ «ጭምቱ» ይሉታል፤ ስሙንም የሚጠራ የለም።

«ምን ልትማር ነበር?» አለችው መርማሪዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ።

«ኤሌክትሪክ። ሰኞ የኮሌጁ ቃለ መጠይቅ አለኝ።» ትንሽ ቆየና፣ «ነበረኝ፤» አለ።

«ሰኞ ካልቀረብክስ?»

«የእስር ታሪክ ያለበትን እሺ ያለ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገና ቅጹን ሲያዩ ‹እንደውልልሃለን› ብለው ቀሩ። ካልቀረብኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ከመምህር ጋር ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ልምምድ። ስለ እስሬ ሲጠይቁኝ የምመልሰውን።»

«ተነጋግራችሁ ተጣላችሁ?»

«ከሳቸው ጋር?» ካቴናው ተንኳኳ። «ሰው ነህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ሻይ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ። ስኳር የለው ምን የለው፤ መድኃኒት መዋጥ ነው። ለይሉኝታ ጨረስኩት።»

«ስለ እስሩ ምን ብለህ ልትመልስ ነበር?»

ጭምቱ ቀና ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አየ። እዚያ ባለ ክራቫት ሰው ቆሞ ስልኩን ይነካካል። «እሱን ይተዉት፤» አለ ጭምቱ፤ ከዚያ በኋላ ቅጽል ስሙ የወጣለት በከንቱ እንዳልሆነ አሳየ።

ባለ ክራቫቱ ራሱ መጣ። የማዕከሉ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው።

«የሚስቴ ወንድም ነው፣ እመቤቴ። እዚህም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምን ያላደረግሁለት አለ? ግን እስር ቤት ሰውን ይለውጣል። ልቡን እንጃ።»

«ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ?»

«ወረቀት ላደርስ አልፌያለሁ። ሁላችንም እናልፋለን።»

ሻዩን ያፈላችው እንግዳ ተቀባይዋ ናት። ትሪው ያለው ኮሪደሩ ላይ፣ ከማፍያው አጠገብ ነው።

«ለመምህር በክዳን ኩባያ ያለ ስኳር፣ ለባለጉዳይ በብርጭቆ በስኳር። ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አማስዬ፣ ማንኪያውን አጥቤ አስቀመጥኩ፤ ስልክ ጠራኝና ሄድኩ። ስመለስ ሁለቱን በእጄ ይዤ ገባሁ። ብርጭቆውን በባለጉዳይ በኩል፣ ኩባያውን በመምህር በኩል አድርጌ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

«ከዚያ በኋላ ጭምቱ ወጥቷል?»

«ማንም አልወጣም። በልምምድ ሰዓት በሩ አይነካም። እኔንም ለዚህ ሥራ ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔን ሆነው ሲሽኮረመሙ ቢያዩዋቸው...» ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። «ከዚያ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሰው ሲወድቅ ሰማን። ሁላችን ሮጥን። ኃላፊው ቀድሞን ደርሶ በሩን እየደበደበ ‹መምህር! ወንድሜን ምን ነካው?› ይላል። ሲከፈት ግን የወደቁት እሳቸው።»

መርማሪዋ ወደ ትሪው ሄደች። ማንኪያው ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል።

«ስኳር ነው፤» አለ ረዳቷ።

«ስኳር ብርሃን ሲነካው ያብለጨልጫል። ይሄ እንደ ጠመኔ የላመ ነው። ጠቅልለህ ከብርጭቆው ጋር ላከው።»

ቀጣዩ ክፍል የኮምፒውተር አሰልጣኙ ነው። ግድግዳው ከአማካሪው ቢሮ ጋር አንድ ነው፤ ስስ ጣውላ። አሰልጣኙ ገና አዲስ ነው፤ ላቡን እየጠረገ አንሾካሾከ።

«ልንገርዎት? መምህርም ታስረው ነበር ማለት ነው! በጆሮዬ ሰማኋቸው። ‹መኪናውን የነዳሁት እኔ አይደለሁም። ለእህቴ ስል ነው የታሰርኩት፤ ልጆቿ ያለ አባት እንዳይቀሩ› አሉ።»

«ድምፁ የማን ነበር?»

«የመምህር ነዋ! እኔም ገርሞኛል፤ እህት እንዳላቸውም አላውቅ።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የሚያውቋት ቢያዩ ኖሮ ‹ደረሰችበት› ብለው ሹክ ይባባሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ደወለ። እሷም ሁሉንም ወደ አማካሪው ቢሮ ጠራች። ጃኬቱ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ጭምቱ ከነካቴናው ግድግዳ ተደግፏል፤ የእህቱ ባል ከፊቱ ቆሟል፤ ቀሪዎቹ በር ላይ ተኮልኩለዋል።

«ብርጭቆው ውስጥ ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል፤» አለች። «ማንኪያው ላይም እንዲሁ። ኩባያው ውስጥ ምንም። ማንኪያው ከኮሪደሩ አልተነሳም፤ ጭምቱ ደግሞ ከዚህ ክፍል አልወጣም። ስለዚህ መድኃኒቱን የጨመረው ሌላ ሰው ነው፤ ሻዩ ትሪ ላይ እያለ።»

«እሺ፣ ግን መምህርን ማን ይጠላል?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«ማንም። መድኃኒቱ የገባው በስኳሩ ሻይ ነው። በዚህ ቤት የስኳሩ ሻይ የማን ነው?»

«የባለጉዳዩ...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«የጭምቱ ነበር። እስቲ ንገሪያቸው፤ መምህር ልምምድ ሲያሠሩ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ወንበር ይለዋወጣሉ። ባለጉዳዩን በራሳቸው ወንበር አስቀምጠው ‹አንተ ቀጣሪ ነህ፣ ጠይቀኝ› ይላሉ። እሳቸው እሱን ይሆናሉ። እንደሱ ይጎብጣሉ፣ እንደሱ ይንተባተባሉ፣ ሻዩንም...»

«ሻዩንም ይጠጡለታል። ጃኬቱ ያለው በዚያ ወንበር ነው፤ መነጽራቸው በዚህ። ስኳር የሌለውን ሻይ ለይሉኝታ የጨረሰው ጭምቱ ነው። አሰልጣኙ የሰማውም የመምህርን ድምፅ ነው፤ ታሪኩ ግን የጭምቱ። መኪናውን ሌላ ሰው ነድቶ፣ ጭምቱ ስለ እህቱ ታሰረለት። ሰኞ ለኮሌጁ እውነቱን ሊናገር ነበር።»

ባለ ክራቫቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ግምት ነው፣ እመቤቴ።»

«ግምት ይሁን። ልምምዱ በዝግ በር ስለሆነ ወንበር መለዋወጡን የምታውቀው ራሷ የተለማመደችው እሷ ናት፤ ጭምቱን ሊገድል የፈለገ ሰው ስለ ልምምዱ የማያውቅ መሆን አለበት። የማታውቁት አንተና አሰልጣኙ ናችሁ። እሱ ትናንት የመጣ ሰው ነው፤ ከጭምቱ ጋር ሰላምታ እንኳ አልጀመረም። አንተ ግን በሩ ሳይከፈት፣ ማን እንደወደቀ ሳታይ፣ ‹ወንድሜን ምን ነካው› አልክ።»

«ለቤተሰቤ ደንግጬ ነዋ! ወንድም ያለው ሰው ምን ይላል?»

ለአንድ አፍታ ሰውዬው የሚያመልጥ መሰለ። የደነገጠ ዘመድ እንዲያ ቢል የሚፈርድበት ዳኛ የለም። ይህን መርማሪዋም ታውቃለች፤ ስለዚህ ወደ ጭምቱ ዞረች።

«ዝም ካልክ ካቴናው ያንተ ነው። ኮሌጁም ቀረ። ቤታችሁ የልብ ሕመምተኛ አለ?»

ጭምቱ ቀና አለ። ያየው ግን መርማሪዋን አይደለም።

«ጋሼ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ ትናንት ‹የልብ ክኒኔን የት አደረግሁት› እያለች ቤቱን ስታምስ ነበር። አንተም አብረሃት ፈለግህ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገባህላት። በእሷ መድኃኒት ነው እንዴ?»

«‹ሰኞ እውነቱን እናገራለሁ› አልከኝ፤ ሁሉን ልታፈርስ ነበር!» ሰውዬው ክራቫቱን ጎተተ። «ለማን ብዬ ነው? ለእሷ፣ ለልጆቹ! ታስረህ ወጥተሃል፣ አልቋል፤ ምን ነበር ዝም ብትል? ደግሞ ሽማግሌውን እኔ... እሱ እዚያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ!»

ያኔ እንግዳ ተቀባይዋ ጮኸች። ረዳቷ ካቴናውን ከጭምቱ እጅ ፈቶ በባለ ክራቫቱ እጅ ላይ አሰረ።

ባለ ክራቫቱ ከተወሰደ በኋላ ጭምቱ ጃኬቱን አነሳ፤ አልለበሰውም።

«እህቴን ማን ይነግራታል?»

«አብረን እንሄዳለን።»

«እሺ።» በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። «ሰኞስ ልቅረብ?»

«ምን ይከለክልሃል?»

«እንጃ... ሰው አልገደልኩም። ግን ፍርድ ቤት ቆሜ ‹እኔ ነኝ› ብዬ ምዬ ዋሽቻለሁ። እሱም ወንጀል ነው አይደል?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሰኞ ‹ወንጀል ሠርተህ ታውቃለህ?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

መርማሪዋ የፕላስቲክ ከረጢቷን አነሳች።

«አዎ በላቸው። የተለወጠው ወንጀሉ ብቻ ነው።»